ኤልደን የሳታት ሸክላ

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1996
ከደቡብ ዳኮታ

ለተከበሩ እትዬ ዩኒስ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ሲወጡ እንዳያምዎ እየተመኘሁ ነው ይህን የምጽፈው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ወንድምዎ ኤልደንም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያንኮራፋል።

ዕድሜያችንን ሙሉ ስንዴ ስንዘራ ኖረን፣ እርሻውን ለወንድሜ ልጅ አስረክበን፣ ይኸው እንደ ቀንድ አውጣ ቤታችንን ተሸክመን መሄድ ጀመርን። ቤት-መኪናው ከገመትነው በላይ ተመችቶናል። አልጋው ከኋላ ነው፣ ምድጃው ከመሐል። ሳህኖቹን በፎጣ ጠቅልዬ ካላስቀመጥኩ በየኩርባው ይንጫጫሉ። ኤልደን ይነዳል፤ እኔ ካርታውን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የመንገዱን ምልክቶችም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። «አንቺ ስታነቢው ደስ ይለኛል፤ እንደ ሬዲዮ ነሽ» ይለኛል። እኔም ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ አነባለሁ።

ትናንት ማደሪያ ሰፈራችን ስንገባ የውኃውን ቧንቧ በትንሹ ገጨነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ምንም አላለንም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዋዮሚንግ፣ ሃርላን ስፕሪንግስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ እንሄዳለን። በአየር ላይ የሚወረወሩ ሸክላዎችን የመተኮስ ውድድር አለ። ኤልደን ከደስታ ብዛት መቀመጫ አጥቷል፤ ያቺን ረሽ ጠመንጃውን ማታ ማታ ዘይት ይቀባታል። እኔን እንደዚያ አሻሽቶኝ አያውቅም። ከውድድሩ በኋላ ጉዟችን ወደ ኦሪገን፣ ወደ ባሕሩ ነው። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም።

መልስዎን በሃርላን ስፕሪንግስ ፖስታ ቤት በስማችን ይላኩልን። የቤቱን ነገር በእርስዎ ጥያለሁ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ሚስት
አርዲስ


ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996
ከሰሜን ዳኮታ

ለአርዲስ፣

ጌታ መንገዳችሁን ያቅና፤ ጎማችሁንም ይጠብቅላችሁ።

ጉልበቴን አትጠይቂኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ለዚያ ለዚያ ጠቅሞኛል። ቤታችሁ ደህና ነው። ድመታችሁ ግን እኔ ቤት ገብታ የኤልደንን ወንበር ይዛለች፤ ብገፋትም አልወርድ ብላለች። ቲማቲሙን ለቀምኩት፤ ለእኔ ስለበዛብኝ ለቤተ ክርስቲያኑ ራት ወሰድኩት።

እዚያው ራት ላይ ስለ ውድድሩ ነገርኳቸው። መጋቢያችን «እንጸልይለታለን» አሉ። የጋዜጣው አዘጋጅ ሃልቮርሰንም ሰምቶ «ወይዘሮ ዩኒስ፣ ካሸነፈ ፎቶግራፉን ፊት ገጽ ላይ አወጣዋለሁ» አለኝ። ያሸነፈ ዕለት ቶሎ ጻፊልኝ። አንቺ ስትጽፊ ነገር ታለሳልሻለሽና፣ በደንብ፣ ሳታለሳልሺ ጻፊው።

እናታችን ስትሞት ኤልደንን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለመው ነገር አምልጦት አያውቅም። የሰው ልጅ በአንድ ነገር እንኳ አንደኛ ሲሆን ደስ ይላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሲመሽ አይንዳ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ሲያረጅ ማምሻ ላይ መንገዱ ያስቸግራል ብዬ ነው።

ዩኒስ


ሴፕቴምበር 16 ቀን 1996
ከሃርላን ስፕሪንግስ፣ ዋዮሚንግ

ለተከበሩ እትዬ ዩኒስ፣

እንደምን ሰነበቱልን? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ በሰዓቱ ደርሶናል።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር፤ ኤልደን አልቀናውም። ከነጥብ መዝጋቢዋ ጋር ትንሽ አለመግባባት ነበረ። አሁን አልፏል። ሰዉ መልካም ነው፤ አገሩም ነፋስ ይበዛበታል እንጂ ደህና ነው።

እባክዎ ጋዜጣው ላይ ምንም አይውጣ። አቶ ሃልቮርሰንን «ውድድሩ ተራ ነገር ነበር» ይበሏቸው። ድመቷንም ከወንበሩ አያስወርዷት።

ዛሬ ወደ አይዳሆ እንነሣለን። ወደ ፖካቴሎ ፖስታ ቤት ይላኩልን።

አርዲስ


ሴፕቴምበር 24 ቀን 1996

ለአርዲስ፣

ሰላም ለሁለታችሁ ይሁን። እንዳልኩትም ነገሩን አለሳልሰሽው አገኘሁት።

ኤልደን በውድድሩ ማግስት፣ እሑድ ዕለት፣ ከነዳጅ ማደያ ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። አንቺ ልብስ ስታጥቢ ነው መሰለኝ የደወለው። ያቺ ሴትዮ የመታቸውን ሸክላዎች «ሳተ፣ ሳተ» እያለች እንደ ሰረቀችው፣ አንቺም በሰው ፊት እንደ መሰከርሽለት ነግሮኛል። እንኳንም መሰከርሽ። ሚስት ማለት እንዲህ ናት። «ተወው» ይለኛል፤ ድምፁ ግን የልጅነት ድምፁ ነበር። እንዴት አድርጌ ልተወው?

ዝም አላልኩም። በማግስቱ ለተኳሾቹ ክበብ ሊቀ መንበር ጻፍኩ። እንዲህ ዓይነት ሴት በሐቀኛ ሰዎች ላይ መቀመጥ እንደሌለባት፣ ወንድሜ በአገሩ የተከበረ ሰው እንደሆነ፣ ሚስቱም ምስክር እንደሆነች ጻፍኩ። ትናንት መልስ መጣልኝ። ይቅርታ ጠይቀዋል። ሴትዮዋን ከነጥብ መዝጋቢነት አውርደዋታል፤ የሐሙስ ሐሙሱን የሴቶች ተኩስ ሥልጠናም ነጥቀዋታል። እሷው ነች አሉ የጀመረችው።

የአንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሃልቮርሰን ጋዜጣውን አትሞ ጨርሶ ነበር። «በዋዮሚንግ የተበደለው የአገራችን ሰው» ይላል፤ ፊት ገጽ ላይ ነው። መጋቢው ሳይቀሩ አንብበው ተናደዱ። አንዱን ቅጂ ልኬልሻለሁ፤ ለኤልደን ስጪው፣ ያንብበው።

ዩኒስ


ኦክቶበር 4 ቀን 1996

አርዲስ፣

ጌታ ይጠብቃችሁ። ምነው ዝም አላችሁ? ፖካቴሎ ከደረሳችሁ ቆይታችኋል። አንዳችሁ ታማችኋል? ጋዜጣው ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ሰው እየጠየቀኝ ነው።

ሌላውን ሁሉ ተዪው። በሕይወት መኖራችሁን ብቻ ጻፊልኝ።

ዩኒስ


ኦክቶበር 8 ቀን 1996
ከፖካቴሎ፣ አይዳሆ

ለተከበሩ እትዬ ዩኒስ፣

በሕይወት አለን። ጤናዎን ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ዛሬ የምጽፈው ከሰላምታ ጋር አብሮ አልሄድልኝ አለ። ይቅር ይበሉኝና በቀጥታ ልግባ።

ሴትዮዋ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ወንድምዎ አያይም። ጨርሶ አልታወረም፤ ዳር ዳሩን ያያል። መሐሉን ግን፣ የሚያተኩርበትን ነገር ግን አያይም። እዚህ ያለው የዓይን ሐኪም መነጽርም አይረዳውም ብሎናል። ጋዜጣውን «ያንብበው» ብለው ልከዋል። እኔ ነኝ የማነብለት፤ የእርስዎንም ደብዳቤዎች ሁሉ እኔ ነኝ የማነብለት። እንደ ሬዲዮ ነሽ ያለኝ ለዚህ ነው።

የሃርላን ስፕሪንግሱን ነገር ከመነሻው ልንገርዎ። ጠዋት ነው፤ አምስት ተኳሾች በመስመሩ ላይ ቆመዋል። ተኳሹ «ልቀቅ» ሲል ሸክላዋ ፊት ለፊት ካለችው ዝቅተኛ ቤት በማሽን ተወርውራ ትወጣለች። ከተመታች እንደ ጥቀርሻ ብን ትላለች፤ ካልተመታች ሄዳ ሣሩ ላይ ታርፋለች። ነጥብ መዝጋቢዋ ጃኔል ትባላለች፤ ከተማው ውስጥ ፀጉር ቤት አላት። ከተኳሾቹ ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሳተ ሲኖር «ሳተ» ትላለች። ኤልደን መጀመሪያ ላይ ሁለት መታ፤ እንዴት እንደመታ አላውቅም፣ እጁ ከልማድ የሚያውቀው ነገር ይኖራል። ከዚያ በኋላ «ሳተ» ብቻ ሆነ። እኔ ከዳር ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ፤ «ሳተ» በተባለ ቁጥር ክሩ ከእጄ ያመልጣል።

በመጨረሻ ቀለሁን ለማውጣት ጠመንጃውን ከፍቶ ዞረ።

«ሴትዮ፣ ይችኛዋ ስትበተን አላየሽም?»

«አልተበተነችም፣ ጌታዬ።»

«አቧራዋን እኔ አይቻለሁ።»

«እኔ አላየሁም። ያየ ሰው ካለ ይናገር።»

ሌሎቹ ተኳሾች መሬት መሬቱን አዩ። ሊቀ መንበሩ መጣና «ኤልደን፣ አንዲት ሸክላ ናት፣ ተዋት» አለው።

«አንዲት አይደለችም። ከመጀመሪያው ጀምራ እየሰረቀችኝ ነው። ሂጂና ዓይንሽን ተመርመሪ፣ ሴትዮ።»

አንዳንድ ሰው ሳቀ። የጃኔል አንገቷ ቀላ። ከዚያ ኤልደን ወደ እኔ ዞረ። በእውነቱ ወደ እኔ አልነበረም፤ ከአጠገቤ ላለው ባዶ ወንበር ነው የተናገረው። «አርዲስ፣ አንቺ አይተሻል። ተበትናለች አልተበተነችም?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ሸክላዋ ሳትነካ ሄዳ ሣሩ ላይ ስታርፍ አይቻታለሁ። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ፀሐይ ዓይኔ ገባ እንኳ ማለት አልችልም።

«የተበተነች መስሎኛል» አልኩ።

ጃኔል እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ከወንበሩ ወርዳ፣ በቆሙት መኪናዎች መሐል ሄደች። ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ብትሮጥ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ኤልደን ድንች ሲልጥ «እንኳንም አንቺ አየሻት» አለኝ። እኔም ጨው አቀበልኩት።

እዚህ ደርሰን የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብለት፣ የሴቶቹን ሥልጠና ተነጠቀች የሚለው ቦታ ላይ «ይበላት» አለ። የጋዜጣውን ርእስ ሳነብለት ደግሞ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ወዲያው ብጽፍልዎ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ይቆም ነበር። ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ወረቀቱን አውጥቼ «ደህና ነን» ብዬ እጀምርና እተወዋለሁ።

ከዚህ ከተማ ወጥተን ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ተራራው ወገብ ላይ መንገድ ይጠገናል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዛ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ከሩቅ አየኋት፤ ያያታል ብዬ ሳይሆን፣ ሌላው መኪና ሲቆም ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ከፊታችን ግን ሌላ መኪና አልነበረም። «ኤልደን፣ ሰው!» ብዬ ጮኽኩ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ከኋላ ያለው ሳህን ሁሉ ወርዶ ተሰበረ። ሴትዮዋ ሰሌዳውን ጥላ ቦይ ውስጥ ዘለለች።

ስትወጣ ሁለመናዋ ጭቃ ነበር። በእኔ በኩል መጥታ መስኮቱን ያዘች። ኤልደንን አላናገረችውም። እኔን ነው የጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እኚህ ሰው ያያሉ?»

«አያይም» አልኳት።

ኤልደን መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪናዎች ጥሩምባ ይነፉ ጀመር። ወርዶ በእኔ በኩል ዞሮ መጣ፤ እኔም ወደ መሪው ተሸጋገርኩ። በአጨዳ ጊዜ የእህል መኪና ስነዳ እንደኖርኩ ያውቃሉ፤ መንዳቱ አቅቶኝ አልነበረም። መሪውን ከያዝኩ ነገሩ ተነገረ ማለት ነው፤ የፈራሁት ያንን ነው።

መመለሻ ቦታ አግኝቼ ወደ ፖካቴሎ አዞርኩ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከፋሲካ። የዳቦውን ቢላ ስትፈልግ እጅህ ሥር ነበር።»

«እኔ ከገና ጀምሮ ነው» አለ። ቀጥሎም «ያቺ ሸክላ፣ ተበትናለች?» አለኝ።

«አልተበተነችም።»

«ስትወጣም ስትሄድም አላየኋትም። የማሽኑን ጥቅታ ነው የምሰማው። አቧራዋን አየሁ ያልኩት… እንጃ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የነበረ መሰለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ሰው እያየን ነበር።»

«እኔን ነበር የሚያዩት ወይስ አንቺን?»

ለእሱ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን ስደልል ከርሜ ነበር፤ እውነቱ ግን የዓይነ ስውር ሹፌር ሚስት ሆኜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቀመጥ አሳፍሮኝ ነው።

ወደ ሃርላን ስፕሪንግስ እንመለሳለን። እኔ ነኝ የምነዳው። እትዬ፣ መጀመሪያ «ጋዜጣው ላይ አይውጣ» ብዬ ለምኜዎ ነበር፤ አሁን እንዲወጣ እለምንዎታለሁ። ለአቶ ሃልቮርሰን እውነቱን ይንገሯቸው። ለክበቡም ይጻፉ። የእኔን ስም አይዝለሉት።

ያሳፈርኩዎ፣
አርዲስ


ኦክቶበር 17 ቀን 1996

ለአርዲስ፣

በአምላክ ስም ሰላም እልሻለሁ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

ደብዳቤሽን ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ ምድጃ ሳጸዳ ዋልኩ። ያልቆሸሸ ምድጃ።

በአንቺ ላይ መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አንድ ቀን ያህል ተናድጃለሁም። ከዚያ ግን የጓሮዬ አበባ ትዝ አለኝ። በሜይ ኤልደን ሣር ሊያጭድልኝ መጥቶ፣ እናታችን የተከለቻቸውን አበቦች ከጫፍ እስከ ጫፍ በማጨጃው ሄደባቸው። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «አረም መስሎኝ» አለ። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ቀይ አበባ አረም ይመስላል? ቡና አፍልቼ አጠጣሁትና ላክሁት። በመኪና ላክሁት። አንቺ መንገድ ላይ ሳለሽ «ሲመሽ አይንዳ» ብዬ የጻፍኩልሽ፣ ከዚያ በላይ ለመጻፍ እጄ ስላልደፈረ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋን ሌባ ብዬ ስጽፍ ምንም ሳላውቅ አልነበረም። ላለማወቅ ተጣድፌ ነው የጻፍኩት።

ሃልቮርሰን ዘንድ ሄድኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ወይዘሮ ዩኒስ፣ አይጨነቁ፤ ማስተካከያውን ኋላ ገጽ ላይ፣ ከእህል ዋጋው ሥር በትንሹ አስገባዋለሁ» አለኝ።

«የመጀመሪያውን የት ነበር ያወጣኸው?»

«ፊት ገጽ ላይ።»

«እንግዲያ ቦታውን ታውቀዋለህ» አልኩት።

አውጥቶታል፤ የእኔም የአንቺም ስም አለበት። ለክበቡም ደብዳቤ ልኬያለሁ። ለሴትዮዋ ግን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር የለኝም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሴቶቹ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጉድ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ስኒ ማየት ጀመሩ። በኋላ የመጋቢው ሚስት «ኤልደን ለጉዞ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ራት ላይ የሥጋውን መረቅ ኬኩ ላይ ሲያፈስ አይተነው ነበር፤ ዝም ብሎ በላው፣ እኛም ዝም አልን» አለችኝ። ለካ ከተማው ሁሉ ተስማምቶ ዝም ብሏል። እኔስ ደብቄው የኖርኩ መስሎኝ።

ባሕሩን ሳታዩ እንዳትመለሱ ልልሽ አሰብኩ፤ ኑልኝ ልልሽም አሰብኩ። የፈቀዳችሁትን አድርጉ። ኤልደንን ሳሚልኝ፤ ይህንንም አንብቢለት። አበባውን የሚለውንም ጭምር።

ዩኒስ


ኦክቶበር 22 ቀን 1996
ከሃርላን ስፕሪንግስ

ለተከበሩ እትዬ ዩኒስ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያሳርፍልዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰን፤ አበባውንም ሳልዘል አነበብኩለት። ኤልደን «አበባ እንደሆኑ ከሽታቸው አውቄ ነበር፤ ከጀመርኩ በኋላ» አለ።

የሆነውን ሁሉ ሳላለሳልስ እጽፍልዎታለሁ።

እንደደረስን ወደ ጃኔል ፀጉር ቤት ሄድን። ኤልደን ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አላት። እሷ የአንዲት አሮጊት ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

«እዚህ ከእኔና ከወይዘሮ ቤክ በቀር ማን አለ? ወይዘሮ ቤክ ደግሞ ጆሯቸው አይሰማም። ሌባ ያሉኝ ሜዳ ላይ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለና ወጣን። በሩን ስዘጋ ወይዘሮ ቤክ «ማን ናቸው?» ሲሉ ሰማሁ። ጃኔል ጮኽ ብላ «ደንበኞች አይደሉም» አለቻቸው።

ቅዳሜ ተኳሾቹ ተሰበሰቡ። ኤልደንን በክንዱ ይዤ መስመሩ ድረስ ወሰድኩት። ጠመንጃ አልያዘም፤ እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው አያውቅም ነበር። ሊቀ መንበሩ ማሽኑን አስቆመ።

«ስሜ ኤልደን ስቶክ ነው» አለ። «ባለፈው ወር እዚህ ቆሜ አንዲትን ሴት ሌባ ብያለሁ። ሸክላዋን አላየኋትም። ዓይኔ ጠፍቷል፤ መጥፋቱን እያወቅሁ ጠመንጃ ይዤ በመሐላችሁ ቆምኩ። እሷ ያለችው እውነት ነው፣ እኔ ያልኩት ውሸት ነው። ይኸው ነው።»

አንዱ ተኳሽ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዱ ጥይቱን ከኪስ ወደ ኪስ አዛወረ። ሰው እንዲህ ሲያፍር ማየት እነሱንም አሳፍሯቸዋል። ጃኔል አልመጣችም ነበር። ሊቀ መንበሩ «ወንበርሽን ልመልስልሽ» ብሎ ሄዶ እንደነበር በኋላ ነገረን። «ስታባርሩኝ የምሄድ ስትጠሩኝ የምመጣ ውሻ አይደለሁም» ብላዋለች። የሐሙሱ ሥልጠና ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የሚስተካከል አይመስልም። ደብዳቤዎም የእኛ መመለስም አላስተካከለውም። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቤት-መኪናው ተንኳኳ። ጃኔል ነች። ግቢ ብላት አልገባችም። ኤልደን ከኋላ ተኝቶ ነበር።

«የተናገሩትን ሰማሁ» አለችኝ። «ከተማ ትንሽ ነው። እሳቸው ደህና ተናግረዋል አሉ።»

«አዎ።»

«እርስዎስ?»

እኔ ክንዱን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። የእሱ ንግግር ለሁለታችንም የበቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መልስ እየጠበቀች ቆመች።

«እሳቸው አላዩም» አለች። «እርስዎ ያያሉ። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እርስዎን ነበር የማየው። ሴት ነች፣ እውነቱን ትናገራለች ብዬ።»

«አይቻለሁ» አልኳት።

«ምን አዩ?»

«ሸክላዋ ሳትነካ ሄዳ ሣሩ ላይ ስታርፍ አየሁ። ዋሸሁብሽ። ሰው እንዳይታዘበን ብዬ አንቺን አሳልፌ ሰጠሁሽ።»

ይህን ስል ሁለት ጎረቤቶች በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ድምፄን ዝቅ ማድረግ እችል ነበር፤ አላደረግሁም። ጃኔል ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅር አለችኝ ለማለት ግን አልደፍርም። ወደ መኪናዋ ስትሄድ በቤት-መኪናችን ኋላ ዞራ ቆመች።

«የግራ የኋላ መብራትዎ አይሠራም» አለች። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ያሠሩት።»

አመሰገንኳት። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። መብራቱን አሠርቻለሁ።

ወደ ቤት እንመጣለን። ባሕሩን እኔ አሁንም ማየት እፈልግ ነበር፤ ኤልደን ግን «መጀመሪያ የራሴን ሰዎች ልጋፈጥ» አለ። ጠመንጃውን እዚሁ ሸጦታል፤ ሲሸጠው እኔ ከውጭ ቆየሁ።

ኤልደን «አንድ ቃል በራሴ አንደበት ላስጽፍ» ብሏል፤ እንደሚናገረው እጽፈዋለሁ።

አክባሪዎ፣
አርዲስ

«ዩኒስ እህቴ፣ ስለ እኔ ለጋዜጣም ለመጋቢም ደግመሽ አትናገሪ፤ የቀረውን ራሴ እናገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሰላም ሊለኝ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ስሙን እንዲነግረኝ ለሁሉም ንገሪልኝ። ዓመቱን ሙሉ በግምት ነው ሰላም ስል የኖርኩት። ከአንቺ ይጀመር፤ ቀርበሽ ‹ዩኒስ ነኝ› በዪኝ።

ወንድምሽ ኤልደን።»